የአውቶ መካኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የአውሮፕላን ናፍጣ ሞተርና የግቢያችን ኮምቢ

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ለዓመታት የቆመውን የፎልስዋገን ኮምቢ የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ሰው የለም። ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ሥራ በሙሉ በዚህ መኪና ዙሪያ ነበር። መነሻው አንድ አባላችን በጥቅምት ወር ያነሳው ጥያቄ ነው፤ ለአነስተኛ አውሮፕላኖች የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ላይ ሊገጠም ይችላል ወይ የሚል።

ይህ የልጆች ቅዠት ነው ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ሆኖም የኦስትሪያው አውስትሮ ኢንጅን ኤኢ300 ብሎ የሚያቀርበው ባለ 2 ሊትር የአውሮፕላን ሞተር የተሠራው ከመርሴዲስ ቤንዝ ኦኤም640፣ ማለትም ከቤት መኪና ሞተር ተነስቶ ነው። ከእርሱ የቀደመው የጀርመኑ ቲለርት ሴንቱሪየንም የተወለደው ከመርሴዲስ ኤ-ክላስ ሞተር ነበር። ጥያቄው ለከተማችንም ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ አዲስ ሳለ እንኳ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው የኮምቢ ሞተር እንጦጦን ሲወጣ አቅም የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ያለው የአውሮፕላን ናፍጣ ሞተር ግን ስስ አየርን እያመቀ እንዲሠራ የተሰናዳ ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ዘወትር ዓርብ ተካሂደዋል፤ የአባላቱም ቁጥር 23 ደርሷል።

በመጋቢት ወር አንድ የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛ ጎበኘን። በዚያም ውስጡ እንዲታይ ተቆርጦ በማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ኤኢ300 ሞተር አሳዩን። አሠልጣኙ ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ክፍል በእጁ ሲያዞር፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ቀስ ብላ ቀረበችና በዚያ ክፍልና በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ ላይ በጠመኔ ምልክት እንድታደርግ ፈቃድ ጠየቀች። ከዚያም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች። ፕሮፔለሩ 10 ዙር ሲጨርስ ፑሊው 17 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ቆመ። «መምህር፣ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ይህ የማርሽ ሣጥን ከወጣ የቀረው የመኪና ሞተር ነው ማለት ነው» አለችኝ። በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው የማርሽ ሣጥኑ ምጣኔ 1.69 ለ1 ነው። ያንን ቁጥር በጠመኔ ምልክትና በዓይኗ አገኘችው። በ14 ዓመት የማስተማር ሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከጉብኝቱ ስንመለስ የኮምቢውን የሞተር ክፍል ለክተን በሞተሩ ልክ የካርቶን አምሳያ ሠራን። አምሳያው ከኋላው ክዳን በላይ ወጣ፤ የኮምቢው ሞተር ሲሊንደሮቹ በጎን የተጋደሙ ዝቅተኛ ሞተር ሲሆን የአውሮፕላኑ ግን ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ክብደቱ 186 ኪሎ ግራም፣ ጉልበቱ 168 የፈረስ ጉልበት በመሆኑ የኮምቢው ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ከተሠራለት ከ3 እጥፍ በላይ ሊሸከም ነው። ቮላኖ (በሞተሩ ዘንግ ጫፍ የሚታሰር ከባድ ጎማ) እና ፍሪሲዮን ሊበጅለት፣ በአየር ብቻ ይቀዘቅዝ ለነበረው መኪናም ራዲያተር ሊገባለት ያስፈልጋል። ሞተሩን የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮችም ለአብራሪ እጅ እንጂ ለከተማ መንገድ መቆምና መነሳት የተሰናዱ አይደሉም። ስለዚህ አባላቱ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ከአውሮፕላኑ ሞተር ይልቅ የመኪና ወንድሙን መፈለግ ይሻላል፣ ለዚያም ቢሆን ካምቢዮው አብሮ መቀየር አለበት የሚል ነው።

በሚያዝያ የብየዳ ማሽናችን ተቃጥሎ የሞተር ማቆሚያ የመሥራት ሥራችን ተቋርጧል፤ የኮምቢውን አሮጌ ሞተርም ማውረድ አልቻልንም፤ ፓራንኮ (ከባድ ዕቃ ማንሻ ሰንሰለት) የለንምና። ለስፖርት ክበቡ የተገዛው አዲስ ማልያ ይገባዋል፤ 23 ተማሪዎች በአንድ ሣጥን መፍቻ መሥራታቸውን ግን ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች እንዲያውቁልን እፈልጋለሁ። አንድ ፓራንኮና ሁለት ሙሉ የመፍቻ ስብስብ ከተገኘልን በመስከረም የመጀመሪያው ዓርብ ሞተሩን እናወርዳለን፤ የካምቢዮውንም ማርሾች የምትቆጥረው ማን እንደሆነች አባላቱ ከወዲሁ ወስነዋል።