ስለ ምርመራ ክፍያው ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ።

የመጀመሪያው ከባድ በረዶ በወረደ ጠዋት ሱቁ በር ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ስኖው ብሎወር ለመመርመር ክፍያ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፈን ብዙዎቻችሁ እንደተናደዳችሁ አውቃለሁ። በዛ ብርድ በረዶ የሚጠርገውን ማሽን ጭናችሁ መጥታችሁ ወረቀቱን ስታዩ ምን እንደሚሰማ ይገባኛል። ቀድመን መንገር ነበረብን፣ ለሱ ይቅርታ። ክፍያውን ግን አላነሳውም፣ ምክንያቴን ስሙኝና ከዛ ፍረዱ።

«ለማየት ብቻ ነው የምታስከፍለው?» ያላችሁኝ አላችሁ። ማየቱ እኮ ነው ዋናው ስራ። ቡሎንማ ማንም ይፈታል። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ማሽኑ ተነስቶ ትንሽ ሰርቶ ይጠፋበታል፣ «ካርቡራቶሩ ሞቷል፣ ቀይርልኝ» ብሎ አመጣው። ፈታነው፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶሩ ንፁህ ነው። ካንዴላው ጥሩ ብልጭታ ይሰጣል፣ ቤንዚኑም አዲስ ነው። መጨረሻ ላይ የታንኩን ክዳን ላላ አድርጌ ሳስነሳው ሳይጠፋ ግማሽ ሰዓት ሰራ። ለካ ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባው ትንሿ ቀዳዳ ተደፍና፣ ታንኩ አየር ሲያጥረው ቤንዚኑ አልወርድም እያለ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ አዲስ ካርቡራቶር ብገጥምለትና ክዳኑን ጠረግ ባደርግለት ማን ያውቅብኝ ነበር? ክዳኑን አፅድተን ሰጠነው፣ አመስግኖ ሄደ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀ ስራ በነፃ ማለት ነው። በደስታ ነው የሸኘሁት፣ ግን እንዲህ ያለ በቀን አራት አምስት ሲመጣ ለልጆቹ ደሞዝ ከየት ላምጣ?

ምርመራ በነፃ የሚሰራ ሱቅ መኖር ያለበት እቃ በመሸጥ ነው፣ እቃ በመሸጥ የሚኖር ደግሞ ቀስ በቀስ ያልተበላሸውንም መቀየር ይለምዳል። እኔ እዛ ውስጥ መግባት አልፈልግም። የሱቅ ኪራይ ጨምሯል፣ ቺንጋውም ካንዴላውም ማጓጓዣውም ጨምሯል፣ እስከዛሬ ከኪሴ እየቻልኩ ነው የቆየሁት፣ ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ይሄን ስራ የጀመርኩት በአንድ የመፍቻ ሳጥንና በሰው ጋራዥ ጥግ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ደንበኛ ሺር ፒን፣ ማለትም በረዶ የሚሰበስበውን ጠመዝማዛ የሚያያይዘው ፒን፣ ተሰብሮበት መጣ፣ እጄ ላይ ፒን ስላልነበረ ለጊዜው ይሂድለት ብዬ በልኩ ጠንካራ ቡሎን ገጠምኩለት። በሁለተኛው ቀን ጠመዝማዛው በረዶ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ነከሰ። ፒኑ ቢሆን ኖሮ እሱ ተሰብሮ ሌላውን ያድን ነበር፣ የተሰራውም ለዚሁ ነው። ቡሎኑ አልሰበር ሲል የጊርቦክሱ የውስጥ ጥርስ ተላጨ። ከራሴ ከፍዬ ጠገንኩለት፣ ዛሬም ደንበኛዬ ነው። ከዛ ወዲህ «ለጊዜው» የምትል ቃል ሱቄ ውስጥ ስትነገር መስማት አልወድም። ስለዚህ አንድ እንደ አባት የማያቸው ደንበኛ ወረቀቱን አይተው «አንተም እንደሌሎቹ ሆንክ?» ሲሉኝ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እውነቴን ነው።

ደግሞም ሳትከፍሉ ቤታችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር ብዙ ነው፣ እኔም ደብቄ አላውቅም። ማሽኑ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። ወደኛ ከሚመጡት አብዛኞቹ ካለፈው ክረምት የቀረ ቤንዚን ታንካቸው ውስጥ ያለ ነው። ቤንዚን ከ30 ቀን በኋላ መበላሸት ይጀምራል፣ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ውሃ ይስባል፣ ከዛ ካርቡራቶሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቅና የመርፌ ቀዳዳ የማታክል መተላለፊያውን ይደፍናል። ቾክ (አየር የሚቀንሰው ማስነሻ) ሲሳብ ብቻ የሚሰራ ወይም ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያለቅስ ሞተር በአብዛኛው ይሄ ነው ችግሩ። አሮጌውን ቀድታችሁ አዲስ ሙሉበት፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት፣ የቤንዚኑ መዝጊያ ክፍት መሆኑን፣ ቁልፏም እስከ መጨረሻው መግባቷን አረጋግጡ። ከነዚህ በኋላም እምቢ ካለ ነው እኔ ጋ የምታመጡት። በረዶው ሲያልቅ ደግሞ ቤንዚኑን ጨርሶ እስኪጠፋ አስነስታችሁ ተዉት፣ ወይም ማቆያ መድሃኒት ጨምሩበት።

ሞተሩ ደህና እየሰራ በረዶውን እግራችሁ ስር የሚተፋ ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም አልቋል። ጠመዝማዛው እየዞረ ጎማዎቹ ወደፊት አልሄድ ካሉ ደግሞ ከስር ያለችው ላስቲክ ያላት ክብ ሳህን ተበልታለች ወይም ግሪስ ነክቷታል። ሁለቱም ከባድ ስራ አይደሉም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምናችሁ። በረዶ የሚተፋበት አንገት ሲደፈን እጃችሁን እንዳታስገቡ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን። ቺንጋው ላይ የቀረ ውጥረት ሊኖር ስለሚችል የተጣበቀው በረዶ ሲለቀው ምላጩ ዞሮ ጣት ይቆርጣል። አጥፉት፣ ቁልፏን ንቀሉ፣ መዞሩን እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዛ በእንጨት አፅዱት። ጋራዥ ውስጥም አታስነሱት፣ በሩ ክፍት ቢሆንም ጭሱ ይገድላል። ለዚህ ምክር መቼም አላስከፍልም፣ ደውሉና ጠይቁኝ።

ስለ ክፍያው ደግሞ፣ ጥገናውን እኛ ከሰራነው የምርመራው ከጠቅላላ ሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። ይሄን ወረቀቱ ላይ አለመፃፋችን ብዙ ሰው አስቀይሟል፣ አሁን ተፅፏል። ካልሰራነው ደግሞ ያገኘነውን ችግር ፅፈን እንሰጣችኋለን፣ የናንተ ነው፣ የፈለጋችሁት ቦታ ውሰዱት፣ አልቀየምም። ወደኛ ብትመልሱት ግን ደስ ይለኛል። ከጋራዡ ጥግ ጀምሮ አብራችሁኝ ያላችሁ ሰዎች በአንድ ወረቀት ምክንያት ስትቀሩ ቅር ይለኛል።

ስትመጡ ማሽኑ መቼ መቼ እንደሚጠፋ፣ እንደተነሳ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ቤንዚኑ መቼ እንደተገዛ ቁራጭ ወረቀት ላይ ፃፉልን፣ ስራው ያጥርልናል። ቁልፏንም አትርሱ፣ መደርደሪያችን ላይ ቁልፍ የሚጠብቁ ሶስት ማሽኖች አሉ።

አክባሪያችሁ፣
የጥገና ሱቁ ባለቤት