የተፈናቃዮች መዝገብ መድረሻቸውንም ይያዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምቱ ሳይገባ ይህን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ፣ እዚያ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአንድ ቤት እኖር ነበር። እሑድ ነሐሴ 22 ቀን ከንቲባው ሕዝቡ ከተማውን ለቆ እንዲወጣ አዘዙ። እኔ ወደ አትላንታ፣ እነሱ ወደ ሂውስተን ሄድን። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የምንመለስ መስሎን በቅጡ እንኳ አልተሰነባበትንም። በማግስቱ የውኃ መከላከያ ግድቦቹ ተደረመሱ፤ ከከተማዋ 80 በመቶው በውኃ ተዋጠ። ስልኮቻችን መሥራት አቆሙ፤ በዚያው ተጠፋፋን።

ዘንድሮ አንደኛው ለጥምቀት ባሕር ዳር መጣ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የእናቴን ስም እየጠራ ሲጠይቅ፣ ምእመናኑ ወደ ዕድራችን ጸሐፊ መሩት። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። መዝገቡ ላይ ግን ስሟ አለ፤ ከጎኑም ተተኪ ተብሎ የእኔ ስም ተጽፏል። ያገናኘን ይህ መስመር ነው።

ጣና ዳር ተቀምጠን፣ የቀረበልን ዓሣ እስኪቀዘቅዝ ስናወራ፣ ከኪሱ አንድ የተጨማደደ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ውኃው ከጎደለ በኋላ ቤታችንን ሊያይ ተመልሶ ከጭቃ ውስጥ ያነሣው ነው። በእስክርቢቶ የተጻፈው ሁሉ ሟሙቶ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። በእርሳስ የተጻፈው የእናቴ ስልክ ቁጥር ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ምን ያደርጋል፣ በመስከረም 1998 የአገራችን የስልክ ቁጥሮች ተቀይረው ነበርና ቢደውል ቢደውል የሚያነሣ አጣ። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ ብዙ አለቀስኩ።

ርብና ጉማራ ሞልተው በ1998 ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ የሆነውን የጣና ዙሪያ ሰው አይረሳውም። ውኃ ሲመጣ አንዱ ወደ ወረታ፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዘመድ ወዳለበት ይበተናል። የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎችን የምለምነው እህልና ብርድ ልብስ ሲታደል ከተፈናቃዩ ስም ጎን ሁለት ነገር እንዲጨምሩ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድና ጎርፉ ከማይደርስበት አገር ስለ እሱ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ማን እንደሆነ። ዕድሮችም የመዝገባቸውን ግልባጭ ደጋ ላይ ባለ ቤት ያስቀምጡ፤ ቢቻል በእርሳስ ይጻፉት።

ሦስተኛውን ጓደኛችንን ገና አላገኘነውም። የደሴ ልጅ ነው፤ ሰፈሩን አናውቅም። ከደሴ ዕድሮች መጠየቅ ጀምረናል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር