በሩን ክፈቺው

እናት ዓለም፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ግን ትናንት ማታ አክስትሽ ከደወለችላት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። 11 ቀን ሙሉ ከክፍሏ አልወጣችም አለቻት። ሽሮው እንደተከደነ ይመለሳል አለች። ስልክሽንም አጥፍተሻል። ስለዚህ ይህችን በወረቀት ጽፌ በሰው ልኬያለሁ፤ አክስትሽ በበሩ ሥር ታስገባልሻለች።

ልጄ፣ በሩን ክፈቺው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ውጤት የመጣ ዕለት ደውለሽ "አባዬ፣ 271 ነው" ስትይኝ ዝም አልኩሽ። ከዚያ "በቃ እሺ" ብዬ ዘጋሁት። ያን ሰዓት የታየኝ ማለፊያውን 300 ለመሙላት የጎደለው 29 ብቻ ነው። አንቺ አልታየሽኝም። ይቅር በይኝ።

የአገሩን ውጤት አንቺም ታውቂዋለሽ። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2። በ2016 እናንተ 5.4 ሆናችሁ፤ ከ674 ሺህ በላይ ተፈትኖ ያለፈው 36 ሺህ ገደማ ነው። ይህን የምነግርሽ እንድትዘናጊ አይደለም። ፊዚክስ ላይ እንደተኛሽ እኔም አንቺም እናውቃለን። ግን ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ኮሮና ትምህርት ቤት አዘጋ። አሥረኛ ስትገቢ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ያን ጊዜ በእግር ስንወጣ የሒሳብ ደብተርሽን በነጠላ አስረሽ፣ የታናሽ ወንድምሽን እጅ እስከ መጨረሻው አልለቀቅሽም። ያቺ ልጅ የት ሄደች ብዬ አልጠይቅሽም። እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፤ ደክሟታል።

አሁን ስለ አጎትሽ ልንገርሽ። ሳሎን ያለውን ፎቶ አይተሽ ስትጠይቂኝ ሁሌ ወሬ እቀይርብሽ ነበር።

በ1979 ማትሪክ ተፈትኖ አልመጣለትም። እኔ ካቻምናው አልፌ ነበር። አያትሽ እራት ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ "አንተ የወንድምህን ግማሽ እንኳን አትሆንም" አሉት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምስጋናው ጣፍጦኝ ነበር። እሱ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ክፍሉ ገባና ዘጋው። 9 ቀን። እናቴ እንጀራውን በርጩማ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ታኖርለታለች፤ ጠዋት ዳር ዳሩ ደርቆ ተጠቅልሎ ታገኘዋለች።

አንድ ሌሊት ተነሳሁ። በበሩ ስንጥቅ የኩራዝ ብርሃን ይታያል። የሽቦ አልጋው ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል፤ አልተኛም። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ምን እለዋለሁ ብዬ አፈርኩና መለስኩት። በ10ኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አገኘነው። ወታደር ቤት መግባቱን የሰማነው ከ2 ወር በኋላ ነው። ከአስመራ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

37 ዓመት ሆነው። አሁንም ሌሊት ስነቃ ያ እጄ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ልጄ፣ በሩን ክፈቺው። አልቅሺ፣ ተቆጪ፣ እኔንም ስደቢኝ ከፈለግሽ። ግን ዘግተሽ አይሁን።

ዛሬ ተነሽና ታጠቢ። ሽሮውን ትኩሱን ብዪው፣ ሦስት ጉርሻም ቢሆን። ከአክስትሽ ጋር ገበያ ውጪ፣ ፀሐይ ይንካሽ። ጎረቤት ስንት መጣልሽ ካለሽ ንገሪውና እለፊ፤ አትዋሺ። ስልክሽን ክፈቺ፣ ቴሌግራሙን ግን ለጊዜው ተይው፤ የሌላውን ውጤት ማየት አይጠቅምሽም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖሩ ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሌሊትም ቢሆን አክስትሽን ቀስቅሻት። ሐኪም ጋ ትወስድሻለች። የአእምሮ ሐኪም ማየት ነውር አይደለም፤ ጥርስሽን ሲያምሽ እንደምትታከሚው ነው። ገንዘቡን እኔ እችላለሁ።

ሪሚዲያል፣ ያላለፉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት የማካካሻ ትምህርት፣ የሚገቡት ሲጠሩ የስምንተኛ ክፍል ካርድሽና ትራንስክሪፕትሽ ይፈለጋል፤ ኮፒውን እዚህ አስነስቻለሁ። አንቺ ጉርድ ፎቶውን ተነሺ። 30 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው፣ 70ው ከአገር አቀፉ ፈተና ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚያዘው። አልገባም፣ ድጋሚ እፈተናለሁ ካልሽም እንነጋገርበታለን። እኔ አልመርጥልሽም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ከመናኸሪያ በቀጥታ አክስትሽ ቤት ነኝ። መጥቼ አንኳኳለሁ፤ ባትከፍቺም በርጩማ ስቤ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። እናትሽ ብርድ ልብሱንና ቀዩን ሹራብሽን አጥባለች፣ ይዤልሽ እመጣለሁ። ዳቦ ቆሎ ወይስ ቆሎ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች። ደውለሽ ንገሪያት።

አባትሽ