ቼክ ኢንጅኑ ለምን ተመልሶ ይበራል? ለፒክአፕ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ዕድሜው የገፋ ፒክአፕ ይዛችሁ ወደ ጋራዣችን የመጣችሁ ብዙዎቻችሁ የቤንዚን ክዳኑ ተቀይሮና ኮዱ (የመኪናው ኮምፒዩተር የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) ጠፍቶ ሳለ ቼክ ኢንጅኑ፣ ማለትም የሞተር ብልሽት አመልካች መብራቱ፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ለምን ተመልሶ እንደሚበራ ጠይቃችሁናል። እዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ ስላለበትና ይህ መብራት እየበራ የቀረበ መኪና ስለሚወድቅ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳቱ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አዘውትረን የምናነበው ኮድ ፒ0442 ነው። ኮዱ የሚናገረው የቤንዚን ተን በሚያልፍበት መስመር ላይ የሆነ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ እንዳለ ብቻ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) የሚነሳው ተን ወደ አየር እንዳይወጣ ከሰል በተሞላ ካኒስተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሩ ሲሠራ አንደኛው ቫልቭ ተከፍቶ ተኑን ወደ ሞተሩ ያስገባዋል፣ ሌላኛው ቫልቭ ደግሞ በምትኩ ንጹሕ አየር ያስገባል። ኮምፒዩተሩ መስመሩን ሲፈትሽ የአየር ማስገቢያውን ዘግቶ ሞተሩ ከውስጥ አየር እንዲስብ ያደርግና ግፊቱ ዝቅ እንዳለ መቆየቱን ይከታተላል። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ኮዱን ለማስነሣት ይበቃል። ነገር ግን ይህ ፍተሻ በአብዛኛው የሚካሄደው መኪናው አድሮ ሞተሩ ከቀዘቀዘና ቤንዚኑም በጣም ሳይሞላ፣ በጣምም ሳያንስ ሲቀር በመሆኑ፣ ኮዱ በጠፋ ማግስት መብራቱ ባይበራ ኮምፒዩተሩ ገና አልፈተሸም ማለት ሊሆን ይችላል።

በቅርቡ የሠራነው የ2004 ሞዴል ፒክአፕ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ክዳኑ ሁለት ጊዜ፣ ተን ማስገቢያ ቫልቩ አንድ ጊዜ ተቀይሮለት ነበር። መስመሩን ዘግተን ከ1 ፒ.ኤስ.አይ በማይበልጥ ግፊት፣ ቀዳዳው በሚወጣው ጭስ እንዲታወቅ ጭስ ለቀቅንበት፤ ከዚያ ያለፈ ግፊት ደህናውን ዕቃ ሊጎዳ ይችላል። ለጥቂት ደቂቃዎች ምንም አልታየም። በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘን ከሥሩ ስንመለከት፣ ከኋላ ጎማው በላይ፣ የቤንዚን መሙያ ቱቦው በታሰረበት ቦታ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ሲወጣ አየን። ማሰሪያውን ስንፈታው ከሥሩ ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከጭቃ ጋር ተጋግሮ እዚያ ስለሚቀር፣ ዝገቱ ማሰሪያው ሳይፈታ ከውጭ አይታይም። የዚያ ደንበኛችን ገንዘብ ደህና በነበሩ ዕቃዎች ላይ መውጣቱ ከልብ አሳዝኖናል።

እኛም ቀደም ሲል ክዳኑን በመቀየር የጀመርንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ከእንግዲህ ግን የክዳኑን ጎማና የመሙያውን አፍ ከማየት በቀር፣ በጭስ ሳንፈትሽና ቀዳዳውን በዓይናችሁ ሳናሳያችሁ በዚህ ኮድ ምክንያት ምንም ዕቃ አንቀይርም። የፍተሻው ዋጋ ለብቻው ይከፈላል፤ እንዲያም ሆኖ በግምት ከሚገዛ ዕቃ ያነሰ ወጪ እንደሚያስወጣችሁ እናምናለን።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ አደራ እንላለን። ቤንዚን ስትቀዱ ማሽኑ በራሱ ካቆመ በኋላ አትጨምሩ፤ ትርፉ ወደ ካኒስተሩ ገብቶ ከሰሉን ያርሰዋል። እንዲሁም ምርመራው ሲደርስ ኮዱን አስጠፍታችሁ አትሂዱ፤ ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ የፈተሻቸው ነገሮች ሁሉ አብረው ስለሚሰረዙ፣ ጣቢያው ፍተሻው አልተሟላም ብሎ ይመልሳችኋል።

ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ሙቀትና ፍጥነት ጭምር ስለሚይዝልን፣ መኪናውን ከምርመራው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ ሰልባትዮው ግማሽ ያህል ቤንዚን ይዞ፣ ኮዱን ሳታስጠፉ አምጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች