ከበር ላይ ስለ ቆምሽበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለቤዛ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን እያማረረችም ቢሆን ቅዳሜ ገበያ መውጣቷን አልተወችም። ባለፈው ስትደውዪ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ወጣቶች በኮሮና ጊዜ ርቀታቸውን እንዴት ይጠብቁ እንደነበር መጠይቅ እያዘጋጀሽ መሆኑን ነግረሽኝ፣ «አባባ፣ የምታስታውሰውን ንገረኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ወጣቱማ መች ሰምቶን» ብዬሽ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልኩሽ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ስለዚህ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር እዚህ ጎንደር ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አንቺ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ «ለሁለት ሳምንት ነው» እያልሽ ገባሽ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። እኛ በሁለት ክፍል ቤት 5 ሰዎች ነበርንና ወንድምሽ እራት በቀረበ ቁጥር «አንዳችን እንውጣ፣ ሕግ ጣስን» እያለ ያስቀን ነበር። ቀልዱን ያኔ እንደ ቀልድ ብቻ ሰማሁት። ዛሬ ሳስበው ግን ልጁ ቁም ነገሩን ነበር የተናገረው፤ ቤት መዋል ለባለ ሰፊ ቤት ትእዛዝ ነው፣ ለእርሱ ግን ከእኔና ከእናትሽ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ መዋል ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ ሹልክ ብሎ ወደ ሜዳ ሲሄድ ስንት ጊዜ ከመንገድ መለስኩት! የአገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ በዚያው ዓመት ያለ አሸናፊ ሲሰረዝ የልጁ ፊት እንዴት እንደ ጠቆረ ታስታውሻለሽ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ጨዋታው በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ብቻ ሲካሄድ፣ ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው ከጎንደር ርቆ ነው፤ ደጋፊውም በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነበር የሚያየው። ያን ቀን ወንድምሽ ድምፁ ተዘግቶ ሲገባ ተቆጣሁት፤ አሁንም ስቼ ነበር አልልም፤ ነገር ግን ስታዲየሙ የተወሰደበት ልጅ የት ይሂድ የሚለውን ጥያቄ ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

በመጠይቅሽ ላይ «ማኅበራዊ ርቀት» የሚለውን ቃል ብትተይው ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ወረርሽኙ እንደ ጀመረ «አካላዊ ርቀት» የሚለውን መርጧል፤ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። እኔ የዕድር ጸሐፊ ነኝና ማኅበርንና ርቀትን በአንድ ሐረግ ማሰር ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ልጆቹም ቢሆኑ የተራራቁት በአካል ነው እንጂ በቴሌግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ ነው የሚያድሩት፤ ፋኖሱን አጥፉ ብዬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ ፋኖስ ያልኩት ስልካችሁን ነው።

አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ በቦኖው ፊት የሚሰለፉት ቢጫ ጄሪካኖች ነበሩ። እናንተ የሰፈሩ ልጆች በነጭ ድንጋይ ምልክት አድርጋችሁ ጄሪካኖቹን በሁለት የአዋቂ እርምጃ አራራቃችኋቸው፤ ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ደረሰ፤ ሲያዩት ያምር ነበር። የጄሪካኖቹ ባለቤቶች፣ እኛ ጎልማሶቹ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ተጠጋግተን ተቀምጠን ስለ ፌጦና ስለ ነጭ ሽንኩርት መድኃኒትነት እንከራከር ነበር። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ «አባባ፣ ጄሪካኖቻችሁ እኮ አይታመሙም» አልሽኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከቦታዬ ግን አልተነሣሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በግንቦት ወር የዕድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ (አራት ሆነን፣ ከደጅ) ሰው ሲሞት ድንኳን እንዳይተከል፣ ሦስት ቀን መቀመጥ እንዲቀር፣ ለቀስተኛም ከአጥር ውጭ ቆሞ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ እንዲመለስ ወሰንን። ማስታወቂያውን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሐምሌ አክስትሽ በስኳር ሕመም ስታርፍ ግን ያ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ዘመድ ከአዘዞም ከጠዳም እየመጣ ይገባል፤ ጭንብሌን አገጬ ሥር አውርጄ ከገባው ሁሉ ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ። አንቺ ከበሩ ላይ ቆምሽ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ በጭንብሉ ላይ ዕንባሽ እየወረደ፣ ወደ ሽማግሎቹ አልጠጋም አልሽ። አያትሽ የ80 ዓመት ሰው እንደሆኑና ልብስሽ ላይ ምን እንዳለ እንደማታውቂ ቀስ ብለሽ ነገርሽኝ። እኔም በሰው ፊት «ዘመድ አታውቂም እንዴ! ይህን ነው ያስተማርኩሽ?» ብዬ ጮኽኩብሽ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንድ ሰው «የዛሬ ልጅ ልቡ ድንጋይ ነው» ሲል ሰማሁ፣ ዝምም አልኩ። አንቺ አልመለስሽልኝም፤ ከበሩም አልተንቀሳቀስሽም።

ከዐሥራ ምናምን ቀን በኋላ ትኩሳትና ሳል ያዘኝ። ምርመራ ስላልሄድኩ ኮሮና ይሁን ጉንፋን እስከ ዛሬ አላውቅም። የውስጠኛዋን ክፍል ለብቻዬ ለቃችሁልኝ እናንተ አራታችሁ ሳሎን ስታድሩ፣ አጥሚቱን ከበሩ ሥር በዱካ ላይ አስቀምጠሽ፣ ሁለቴ አንኳኩተሽ፣ ወደኋላ ትርቂ ነበር። በሩን ስከፍት ከሳሎኑ ማዶ ቆመሽ መጠጣቴን ታያለሽ። ያኔ ስለ ለቅሶው ቀን አንድ ቃል ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። አባት ሆኖ ይቅርታ መጠየቅ ለእኔ ትውልድ ሰው ከባድ ነገር ነው፤ ይህን እንደ ምክንያት እንዳትወስጂልኝ።

የወጣቱን ጉዳይ ስትጽፊ ይህን ብታስቢበት እወዳለሁ። በሽታው ይበልጥ የሚጥለው እንደ አያትሽ ያሉትን አረጋውያንና እንደ አክስትሽ የቆየ ሕመም ያለባቸውን ነው ተብሎ ከመጀመሪያው ተነግሯል። ስለዚህ ለወጣቱ «ተራራቅ» ሲባል በአብዛኛው ስለ እኛ ሲል ትምህርቱን፣ ጨዋታውን፣ ጓደኛውን እንዲተው ነበር የተጠየቀው። አያቴ ስለ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲያወሩ ሬሳ ያነሡ የነበሩት ጎበዛዝት እንደነበሩ ይነግሩን ነበር፤ ያ ትውልድ በጉልበቱ ነው የተመሰገነው። እናንተ እጃችሁን በመሰብሰብ እንድታግዙ ስትጠየቁ ግን ያመሰገናችሁን አላስታውስም፤ ባጃጅ ውስጥ አራተኛ ሆኖ የተገኘ ልጅ ሲሰደብ ነው የሰማሁት። ለመሆኑ በጥር 2013 በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የተጨናነቅነው ወጣቱ ብቻውን ነበር እንዴ? እኔም ነበርኩ፤ ጠበል ሲረጭ ፊቴን ገልጬ ተቀብያለሁ።

ወንድምሽ የራሱን መልስ በድምፅ ቀርጾ እልክላታለሁ ብሏል፤ ስለ ዲኤስቲቪ ቤቱ እንዲደብቅሽ አትፍቀጂለት። በርበሬና ሽሮ አብሮ ተልኳል። የዕድሩን የግንቦት 2012 ማስታወቂያ ከመዝገቡ ገልብጬ ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ፤ ለጽሑፍሽ ከጠቀመሽ ተጠቀሚበት። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

አባትሽ
ከጎንደር