ለኬክና ለመጠጥ የምንጠቀምበት አበባ

ሰላም ውድ አባላት፣

የሠርግና የምርቃት ትእዛዝ እየበዛ ስለሆነ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስባችሁ። እባካችሁ ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ኬክ ላይ አታስቀምጡ። ለጌጥ የሚመረት አበባ ፀረ ተባይ ይረጭበታል፤ ማጠብ ብቻውን አያጠራውም። ያልተረጨ፣ ከጓሯችን ወይም ለምግብ ብሎ ከሚያመርት ሰው የመጣ ይሁን። ካላ ሊሊና ሃይድራንጃ ደግሞ ባይረጩም መርዛማ ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢያምሩ ክሬሙን አይንኩት።

ከሚበሉት ውስጥ ጽጌረዳ፣ ፓንሲ፣ ካሞሚልና ናስተርሽየም ይገኛሉ። ናስተርሽየም እንደ ፌጦ ቆጥቆጥ ስለሚያደርግ ለጣፋጭ ኬክ ብዙም አልመርጠውም። የጽጌረዳን የአበባ ቅጠል ስትነቅሉ ከሥሩ ያለችውን ነጭ ጫፍ በመቀስ ቁረጧት፤ ትመራለች።

አበባውን በስኳር ለማድረቅ የእንቁላል ነጭ በቀጭን ብሩሽ ፊትና ጀርባውን ቀቡ፣ ደቃቅ ስኳር ነስንሱበት፣ ከዚያም ነፋሻ ቦታ እስኪደርቅ ተዉት። እርጥብ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ይጠቁራል። ጥሬ እንቁላል ስላለበት ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይቅረብ። ለጾም ኬክ በእንቁላሉ ፋንታ በጽጌረዳ ውኃ የሟሟ ገም አራቢክ (ከግራር ዛፍ የሚገኝ የሚበላ ሙጫ) ጥሩ ይሠራል፤ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

ለከርከዴና ለሎሚ ጭማቂ አበባውን በበረዶ ውስጥ አድርጉት። መጀመሪያ የበረዶ ማስቀመጫውን እስከ ግማሽ ውኃ ሞልታችሁ አበባውን ፊቱን ወደ ታች አድርጉ፤ ሲረጋ ቀሪውን ሙሉ። በአንዴ ከተሞላ አበባው ይንሳፈፋል።

ትእዛዝ ስትቀበሉ የአበባ ብናኝ አለርጂ ወይም አስም ያለበት እንግዳ እንዳለ መጠየቅ አትርሱ።