በአውራ ጣት የፈረመ ሁሉ አልተታለለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ገበሬው የመድኃኒት ሙከራን ለምን እንደሚፈራ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታል፤ ልደግመው አልፈልግም። እኔን ያናደደኝ ፎቶው ነው። በቀለም የተነከረ አውራ ጣት፣ ከሥሩም «ታማሚው የማያውቀውን ሰነድ ሲፈርም» የሚል መግለጫ። በፎቶው ቀኝ ዳር እስክሪብቶ የያዘ ሌላ እጅ ተቆርጦ ቀርቷል። ያ እጅ የእማኙ ነው። ዘጋቢያችሁ ጣቱን አጉልቶ ለማንሳት የተጠበበውን ያህል ያኛው እጅ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ ኖሮ እንዲህ ያለ መግለጫ ባልጻፈ ነበር።

ማንበብ የማይችል ሰው በሕክምና ጥናት እንዲሳተፍ ሲጠየቅ፣ ከጥናቱ ቡድን ያልሆነና ማንበብ የሚችል እማኝ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አብሮት ይቀመጣል። የመረጃ ቅጹ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ታማሚው ይጠይቃል፤ ቀጥሎ እኛ እንጠይቀዋለን። ዋናው ጥያቄ «እምቢ ብትል ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። «የተለመደውን ሕክምና አገኛለሁ» ብሎ ካልመለሰ ቅጹ እንደገና ይነበባል እንጂ የቀለሙ ክዳን አይከፈትም። እማኙ ስሙንና ቀኑን በእጁ ጽፎ ይፈርማል፤ ታማሚው ጣቱን ያሳርፍና አንድ ቅጂ ይወስዳል።

ሁልጊዜ እንዲህ ይፈጸማል አልልም። እማኙ ንባቡ ካለቀ በኋላ የሚጠራበት ጊዜ አለ። «ና ፈርምልን» ተብሎ የግቢው ጥበቃ የሚጠራበትም አለ፤ እንጀራውን ከዚያው ግቢ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ገለልተኛ አይደለም። ትኩሳቱ 39 ላለፈ ሰው ያ ሁሉ ገጽ ይነበብለታል፤ ሲበርድለት ጠብቆ እንደገና የሚያነብለት ግን አይገኝም። በዚህ ብትመጡብን ኖሮ መልስ አልነበረንም። ነገር ግን ይህን ለመጻፍ ሥራውን ማወቅ ይጠይቃል፤ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ለመጻፍ ግን ምንም ማወቅ አያስፈልግም። በአንድ ገጽ አምስት ጊዜ ጽፋችሁታል፤ ቆጥሬዋለሁ።

ለመሆኑ ገበሬ ያላችሁት ማንን ነው? የጠቀሳችሁት ጥናት የካላአዛር ነው፤ የአሸዋ ዝንብ በምታስተላልፈው ተውሳክ የሚመጣና ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ። በእኛ አካባቢ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ብዙዎቹ በራሳቸው መሬት የሚያርሱ አይደሉም። ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ የአሸዋ ዝንብ በሚኖርበት ስንጥቅጥቅ ጥቁር አፈር ላይ፣ ግራር ሥር የሚያድሩ ወጣቶች። ዘጋቢያችሁ ሐኪም አነጋገረ፣ የቢሮ ኃላፊ አነጋገረ፣ ከቀን ሠራተኞቹ ግን አንዱን እንኳ አላነጋገረም። ቅጹን ቀን ከሌት የምናነበው ነርሶችም ለካስ ምንጭ አይደለንም።

ማንነቱን ስለሳታችሁ የፍርሃቱን ምክንያትም ሳታችሁት። «ደማችንን ይሸጡታል» የሚለውን ወሬ በሳቅ አልፋችሁታል። አንድ ቱቦ የሚይዘው 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ደም የሚለግስ ሰው 450 ይሰጣል። ይህን ቱቦውን አሳይቶ ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን ካላአዛር ራሱ ደም ያሳጣል፤ ከንፈሩ የነጣ ሰው «የቀረችኝን አትውሰዱብኝ» ሲል በሽታውን ከዘጋቢው በተሻለ አውቆታል።

«መሃን ያደርጋል» የሚለውም ከሰማይ አልወረደም። ሚልቴፎሲን የተባለው እንክብል ፅንስ ይጎዳል። ስለዚህ ሴት ታማሚ የእርግዝና ምርመራ ትደረጋለች፤ በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላም ለ5 ወር መከላከያ እንድትወስድ ትጠየቃለች። ምክንያቱ ሳይነገራት መከላከያው ብቻ የተሰጣት ሴት ምን ብላ ወደ ሰፈሯ ትመለስ? ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ ደግሞ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል ጆሮ ይመረመራል። «ያመመኝ ጣፊያዬ፣ የምትመረምሩት ጆሮዬን» የሚል ታማሚ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ያላስረዳው ሰው ነው ጥፋተኛው።

ዕጣውም አለ። ማን የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ ሐኪሙ አይመርጥም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ነገሩን ለማቅለል «እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ታማሚው ተራዬ ይደርሳል ብሎ ሌላኛውን መድኃኒት መጠበቅ ይጀምራል። ዕጣው አንዴ ከወጣ ተራ የሚባል ነገር እንደሌለ አብሮ መነገር አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዘገባው ጨርሶ ያላነሳው ነው። ሕክምናው በተጀመረ በ28ኛው ቀን ታማሚው ድኗል፤ ይበላል፣ ይስቃል። ያን ጊዜ ተውሳኩ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው እንደገና በመርፌ ናሙና እንዲሰጥ ይጠየቃል። የጣፊያው መርፌ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፤ ነገር ግን ሊያደማ ስለሚችል አስቀድሞ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ይታያል፣ ከዚያ በኋላም ተኝቶ ለሰዓታት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል። የዳነ ሰው ይህን ሲፈራ ግንዛቤ አነሰው ይባላል?

ከዚያ የስድስት ወሩ ቀጠሮ ይመጣል። በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል የመጨረሻው ውጤት የሚታወቀው ያኔ ነው። በጥር ታክሞ የተነሳ ሰው ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ይውላል። ሐምሌ ደግሞ አረም ነው፤ ሠራተኛው ወርዷል፤ ስልኩም አይሠራም። መጓጓዣ ይከፈለዋል፣ የቀረበት የቀን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብለትም። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ገንዘብ ሰውን ያማልላል ብለው ይሰጋሉ፤ ልክ ናቸው። ግን የሦስት ቀን ደመወዙን አጥቶ መምጣቱን እንደ ግዴታው መቁጠርም ያው በደል ነው። እናንተ ደግሞ ያችኑ የአውቶቡስ ገንዘብ «ጥቅማ ጥቅም» ብላችኋታል። እግዜር ይስጣችሁ።

ዘገባው «ሌላ አገር የተረጋገጠ መድኃኒት ኢትዮጵያውያን ላይ ለምን ይሞከራል?» ብሎም ጠይቋል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን መፈለግ ብቻ ነበር የቀረው። ፓሮሞማይሲን ሕንድ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ለ21 ቀን የተሰጣቸው 95 በመቶ ገደማ ድነው ነበር። ያው መጠን በምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ሲሞከር ያዳነው 63.8 በመቶ ብቻ ነው። ሳይሞከር ቢታደል ኖሮ ከሦስት ሰው አንዱ በማይሠራ መድኃኒት ይታከም ነበር፤ ካላአዛር ደግሞ ካልታከመ ይገድላል። ከዚያ በኋላ ከነባሩ የአንቲሞኒ መርፌ ጋር ተጣምሮ ሲሞከር 91.4 በመቶ አዳነ፤ የመርፌውም ጊዜ ከ30 ቀን ወደ 17 ወረደ። 13 ቀን መርፌ የቀረላቸው ሰዎች ባለውለታ «የማያውቀውን የፈረመ» ያላችሁት ዓይነት ሰው ነው።

የምጠይቀው የፎቶው መግለጫ እንዲታረም ነው። እምቢ ያለ ሰው ሕክምና እንደማይከለከልም በዚያው እርማት ላይ ይጻፍ፤ ዘገባችሁን ያነበበላቸው ሰው አልጋ ያጣን መስሏቸው የተደናገጡ ታማሚዎች አሉና። የምታወጡት ከሆነ ከሰሊጥ አጨዳ በፊት ይሁን፤ ሠራተኛው ከወረደ በኋላ ጋዜጣ አይደርሰውም።

የጥናት ነርስ፣ ከጎንደር